ፊታችሁን ሳይሆን ዘፈናችሁን አሳሉ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። አራት ሆነን ሄቪ ሜታል የሚባለውን ከባድ የጊታር ሙዚቃ እንጫወታለን። አራት ዘፈን ቀድተን ጨርሰናል። ዋናው ዘፈን ስለ እምቦጭ ነው፣ የሥራውም ርእስ እሱ ነው። አሁን የተጣላነው በሽፋኑ ነው። ከበሮ መቺው ‹ሰው የሚሰማው በስልክ ነው፣ ሽፋን ማን ያያል? የአራታችንን ፎቶ ለጥፈን እንልቀቀው› ይላል። ቤዝ ተጫዋቹ የራስ ቅልና እሳት ያለበት ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዷል። እኔ ደግሞ ከዘጌ ገዳማት ሥዕል፣ በተለይ ሰይጣኑን፣ ብንወስድ ብዬ ነበር። አባቴ የቤዙን ሥዕል ሲያዩ ‹ይሄ የሰይጣን ነገር ቤቴ አይገባም› አሉ። ሽፋን ይህን ያህል ያጣላል? የቱን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ያጣላል። ሄቪ ሜታል እየተጫወታችሁ በሽፋን ባትጣሉ ነበር የሚገርመኝ። ግን ሦስታችሁም ያመጣችሁት ሐሳብ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን አንድ በአንድ ልንገርህ፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጉ እነግርሃለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከከበሮ መቺው ልጀምር። የፎቶውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ከካሴት ነው። እኔ ራሴ እዚሁ ባሕር ዳር ለዓመታት የካሴት ሽፋን ሠርቻለሁ። አሠራሩ የታወቀ ነበር። የዘፋኙ ፊት ትልቅ ሆኖ ይወጣል። እጅ አገጭ ላይ ያርፋል። ከኋላ አበባ ወይም ፏፏቴ ይገባል። ስሙ በቢጫ ይጻፋል፣ አለቀ። ያ ስሕተት አልነበረም። ገዢው ሙዚቃ ቤት ገብቶ የሚጠይቀው «የእገሌ አዲሱ መጣ ወይ?» ብሎ ነው። የሚፈልገው ሰውዬውን ስለሆነ ሰውዬውን ማሳየት ይበቃ ነበር።

የሜታል አድማጭ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። የሚገባበት ዓለም ይፈልጋል። ይህ ልማድ ዝም ብሎ አልመጣም። ሙዚቃው ሲጀመር ሬዲዮ ብዙም አያጫውተውም ነበር። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያለ ወጣት ሸክላ ቤት ይገባል፣ ሰምቷቸው የማያውቅ ባንዶችን ሽፋን ያገላብጣል፣ ዓይኑ የያዘውን ይገዛል። የሸክላ ሽፋን በአንድ ጎኑ 31 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል፣ ብዙዎችም ሰቅለውታል። ሁለተኛው ምክንያት ድምፁ ነው። የሜታል ዘፋኝ ይጮኻል፣ ያጓራል። ግጥሙ ባንዴ አይያዝም። ዘፈኑ ስለ ጦርነት ይሁን ስለ ወረርሽኝ ቀድሞ የሚነግርህ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉን አይቶ የሚሰማ ሰው ጆሮው የት እንደሚሄድ ያውቃል።

የእንግሊዙን የሜታል ባንድ የብላክ ሳባትን የመጀመሪያ አልበም ሽፋን በትልቁ ክፈተው። የወጣው ፌብሩዋሪ 13፣ 1970 ነው፣ ዓርብ ቀን። ፎቶውን ያነሳው ኪት ማክሚላን ነው። ቦታው ኦክስፎርድሺር ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ ማፕልደራም የሚባል አሮጌ የውሃ ወፍጮ ነው። ወፍጮው ፊት ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል። ፎቶው ዓይን የማያየውን ብርሃን በሚይዝ ኢንፍራሬድ ፊልም ስለተነሳ ቀለሙ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ሣሩ የምናውቀው ሣር አይደለም። ደም የለም፣ የራስ ቅል የለም፣ እሳት የለም። አሁን ሙዚቃውን አስጀምረው። ዝናብ ይዘንባል። ከሩቅ ደወል ይሰማል። ከዚያ ጊታሩ ይወድቅብሃል። ሴትየዋ ዝናቡ ውስጥ እንደቆመች ሆኖ ይሰማሃል። እንግዲህ ይህም ፎቶ ነው። ግን ከአራቱ ተጫዋቾች አንዳቸውም ፊት ለፊቱ ሽፋን ላይ የሉም። ለከበሮ መቺው ይህንን አሳየው።

የአባትህም ነገር እዚሁ አልበም ላይ አለ። ሽፋኑ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ሲከፈት ውስጡ ትልቅ የተገለበጠ መስቀል ነው፣ መስቀሉ ውስጥ ግጥም ተጽፏል። ይህ ባንዱ ሳይጠየቅ የተደረገ ነበር። ዳፋው ግን ለባንዱ ተረፈ። ሰይጣን እናመልካለን የሚሉ ሰዎች ይከተሏቸው ጀመር። የዘፋኙ የኦዚ ኦዝቦርን አባት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ለልጃቸውና ለጓደኞቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የብረት መስቀል ሠርተው ሰጧቸው። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። የአባት ጭንቀት እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ስለዚህ አባትህን «ዝም ብሎ ሥዕል ነው» ብለህ አትመልሳቸው። ዝም ብሎ ሥዕል ቢሆን ኖሮ እናንተም ባልተጣላችሁበት ነበር። እውነቱ ሁለት ነው። አብዛኛው የሜታል ሽፋን ላይ ያለ ጭራቅና የራስ ቅል አምልኮ አይደለም። ስለ ሞት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ፍርድ ለማውራት የሚያገለግል ቋንቋ ነው። ከምራቸው የሆኑ ግን አሉ። ኖርዌይ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1993 የወጣ ብላክ ሜታል የሚባለው የሜታል ዘርፍ አንድ የኖርዌይ ሥራ በ1992 የተቃጠለውን የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ፎቶ ሽፋኑ አድርጎታል። ጎጃም ውስጥ፣ ጧት በቅዳሴ ድምፅ በምንነቃበት አገር፣ ይህን ልዩነት ሳታውቁ የተገለበጠ ነገር ብታትሙ ማንም ቆሞ አይጠይቃችሁም። እንደ ብላክ ሳባት ዳፋው ለእናንተ ይተርፋል። ማብራሪያ ደግሞ ሽፋን ላይ አይለጠፍም።

የቤዝ ተጫዋቹ የራስ ቅልና እሳት ሌላም ችግር አለበት። የሰው ነው። «ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት» ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው። የሥዕል መብት ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ባለቤቱ ቢደርስበት ሥራችሁ ከሙዚቃ መተግበሪያው ላይ ሊወርድ ይችላል፣ ያሳተማችሁት ቲሸርትም መዘዝ ያመጣል። የሌላ ሰው ሥዕል ካማራችሁ ሁለት ንጹሕ መንገድ አለ። አንደኛው መብቱ ያለፈበት አሮጌ ሥዕል ነው። የስዊድኑ ባቶሪ በ1988 ላወጣው አልበም ኖርዌጂያዊው ፔተር ኒኮላይ አርቦ በ1872 የሣለውን፣ በሰማይ ላይ የሚጋልቡ ሙታንን የሚያሳይ ሥዕል ተጠቅሟል። ሁለተኛው መጠየቅ ነው። የስዊዘርላንዱ ሴልቲክ ፍሮስት ገና ስም ሳይኖራቸው ለታዋቂው ሠዓሊ ለኤች. አር. ጊገር ጽፈው ለመኑት። ፈቀደላቸው፣ ገንዘብም አልጠየቃቸውም። በ1985 ሥዕሉ ሽፋናቸው ሆነ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

መብቱ ይቅርና፣ ያ ሥዕል ስለ እናንተ ምን ይናገራል? ምንም። የራስ ቅልና እሳት ለሺህ ባንድ ይሆናል። ሁሉን የሚመስል ሽፋን ማንንም አያስቆምም። የአሜሪካውን ባንድ የሜታሊካን የ1986 አልበም «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» (የአሻንጉሊቶች ጌታ) እየው። የሣለው ዶን ብሮቲጋም ነው። ነጫጭ መስቀሎች በሰልፍ የተተከሉበት የወታደር መቃብር ነው። ከላይ፣ ከቀዩ ሰማይ፣ ሁለት እጆች መስቀሎቹን በገመድ ይዘዋል። አንዱ መስቀል ላይ የወታደር የብረት ቆብ ተሰቅሏል። አልበሙ የሚያወራው ሰውን እንደ አሻንጉሊት ስለሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው፤ ሱስ አለ፣ ጦርነት አለ። ሥዕሉን ለሌላ አልበም ብትሰጠው አይሆንም። መመዘኛው ይኼ ነው፦ ሽፋኑን ነጥቀህ ለጎረቤት ባንድ ብትሰጠው ከሆነለት፣ ሽፋንህ አልነበረም።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚወጣውም ሥዕል በዚሁ መመዘኛ ይወድቃል። የሚሰጣችሁ ከብዙ ሽፋን የተጨመቀ አማካይ ነው። የሜታል አድማጭ ደግሞ ይህን ቶሎ ያውቃል፣ ይቆጣልም። በ2024 ዴዝ ሜታል የሚባለውን የሜታል ዘርፍ የሚጫወት አንድ የታወቀ የአሜሪካ ባንድ በዚሁ ምክንያት ከራሱ ወዳጆች ብዙ ትችት ደርሶበታል። አይበጃችሁም።

አሁን ወደ አንተ። የዘጌ ሐሳብህ ከሦስቱ ለእውነት የቀረበው ነው። ግን አታድርገው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ የመቅደሱን ግድግዳ ዞረህ ካየኸው፣ ምን እንደሳበህ ይገባኛል። የታሰረ ሰይጣን አለ። የሚፈስ ደም አለ። በላዔ ሰብእ አለ፣ 78 ሰው የበላው፤ በመጨረሻ ግን ለተጠማ ድሀ በእመቤታችን ስም በሰጠው እፍኝ ውሃ የዳነው። ከዚህ በላይ ከባድ ታሪክ ምን አለ? ችግሩ እነዚያ ሥዕሎች ብቻቸውን አለመቆማቸው ነው። ሰይጣኑ ታስሮ የተሣለው ከጎኑ ያሰረው ስላለ ነው። ቆርጠህ ብቻውን ስታወጣው ሥዕሉ የሚለውን ገለበጥከው። በዚያ ላይ ንብረትነቱ የገዳሙ ነው፣ የሚጸለይበትም ነው። ጠልሰምም፣ ክታብ ላይ የሚሣለው ምልክት፣ ያው ነው። ዓይን የበዛበት፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቡ፣ ለሜታል የተሠራ ይመስላል። ግን ከክታብ ላይ ነው የተወሰደው። ክታብ ለአንድ ሰው፣ በስሙ፣ ለሕመሙ ተብሎ የተጻፈ ነው። የሰው ሕመም ሽፋን ላይ አይለጠፍም።

ሥዕሉን ሳትወስድ ሕጉን ግን መማር ትችላለህ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን ይሥላል፣ ወደ አንተ ዞሮ ያይሃል። ክፉውን በጎን ይሥለዋል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሜታልም የሚፈልገው ይህን ነው፣ ባንድ እይታ የሚነበብ ሥዕል።

ወደ እምቦጩ እንምጣ። ከዋናው ዘፈናችሁ የተሻለ ሽፋን ከየትም አታመጡም። እምቦጭን ከሩቅ ሳይሆን በእጅህ ነቅለህ አይተኸው ታውቃለህ? እኔ አንድ ጧት ጣና ዳር ነቅዬ ከግማሽ ሰዓት በላይ አየሁት። ከላይ ያምራል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው። አንገቱ እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፣ ሲጨምቁት አየር ያለው ስፖንጅ ነው፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ሙሽራ ትይዘዋለች። ከዚያ ስታነሳው ሥሩ ይመጣል። ጥቁር ነው፣ እንደ ረጠበ ፀጉር ይንጠለጠላል። ጭቃ ይዟል፣ የውሃ ትል ይዟል፣ እጅህ ላይ ይጠመጠማል። ከላይ ሠርግ፣ ከታች ለቅሶ።

አበባውን ደግሞ ጠጋ ብለህ እየው። ካሉት የአበባ ቅጠሎች የላይኛዋ ብቻ መሐሏ ላይ ሰማያዊ አላት፣ ሰማያዊው ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። ዓይን ነው። አንድ ዓይን። የዘጌ ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዓይን ይሥላል አላልኩህም? ሐይቁ ራሱ ሥሎ ሰጥቷችኋል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። አንድ ሠዓሊ ፈልጉ፣ በእጁ አንድ ሥዕል ይሥራላችሁ። ሥዕሉ በውሃው ልክ ለሁለት ይከፈል። ከላይ ቀጭን ቦታ ይበቃል፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ፣ ወይን ጠጅ አበባ፣ አንዷ አበባ ከሌሎቹ ትልቅ ሆና በአንድ ዓይኗ ትየን። ከታች ሰፊው ቦታ ጨለማ ይሁን። ሥሮቹ ወርደው አንድ የደንገል ታንኳ ጠምጥመው ይዘዋል። ታንኳው ባዶ ነው። ሰው አታስገቡ። ዓሣ አጥማጁ የት ሄደ የሚለውን ዘፈኑ ይመልሰው። መስቀል አያስፈልገውም፣ ሰይጣን አያስፈልገውም፣ ግን ያስፈራል። የሚያስፈራው እውነት ስለሆነ ነው። የብራዚሉ ሴፑልቱራም በ1996 «ሩትስ» የሚለውን ሲያወጣ የሌላ አገር አጋንንት አልፈለገም። ከገዛ አገሩ የገንዘብ ኖት ላይ የነባር ሕዝብ ሰው ፊት ወስዶ ሽፋኑ አደረገ፣ ዓለም ሁሉ አወቀው።

የስልኩ ነገር አልተረሳኝም። ከበሮ መቺው ግማሽ እውነት አለው። ሰው ሽፋኑን የሚያየው በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ነው። ግን ያያል። ዘፈኑን ከመንካቱ በፊት የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ትንሽነቱ አሣሣሉን ይለውጠዋል እንጂ ሥዕሉን ከንቱ አያደርገውም። የእንግሊዙ ባንድ የአይረን ሜይደን መለያ የሆነው ጭራቅ፣ ኤዲ፣ የቆየው ለዚህ ነው። ዴሪክ ሪግስ ያን የደረቀ ፊት የሣለው ባንዱን ከማወቁ በፊት ነበር፤ ባንዱ ሲወስደው ፀጉር ጨምርለት አሉት። በ1980 ከአልበሙ በፊት በወጣው ነጠላ ዘፈን ላይ ፊቱን በጥላ ደበቁት፣ አልበሙ ሲወጣ ገለጡት። ዛሬም በሳንቲም ልክ ብታየው ታውቀዋለህ። አንድ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ በቃ። የእናንተም አበባና ታንኳ በሳንቲም ልክ መለየት አለባቸው። ሠዓሊው ንድፉን ሲያመጣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ አሳንሱት፣ ክንድ ርቀት ላይ ያዙት። ታንኳው ካልታየ ሥሩ በዝቷል፣ ይቀነስ።

የስማችሁ አጻጻፍ ላይ ተጠንቀቁ። የሜታል ሎጎ እሾህና ሥር ማብቀል ይወዳል። በላቲን ፊደል ይህ አይጎዳም። የእኛ ፊደል ግን በእግሩ ነው የሚነበበው። «ቦ» ግራ እግሩ ረጅም፣ ቀኙ አጭር ነው። ዲዛይነሩ እንዲያምርለት ሁለቱንም እኩል ወደ ታች ካወረዳቸው «እምበጭ» ሆነ። ቀኙን ብቻ ካስረዘመ «እምባጭ» ሆነ። ሥሩ ከፊደሉ ላይ ይብቀል፣ የእግሩን ልክ ግን አይንካ። ሲያልቅ ለማያውቃችሁ ሰው አስነብቡት።

ኅትመት ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንድ ጊዜ ለአንድ ወጣት ዘፋኝ የሌሊት ጣና ሠራሁ። ኮምፒዩተር ላይ ጨረቃዋ ውሃው ላይ ትታያለች፣ ዛፎቹ ይለያሉ። ናሙና ሳላይ «አትሙ» አልኩ። የመጣልኝ ጥቁር ወረቀት ነበር። ጨረቃዋ አመድ ሆናለች። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ካርቶኑን ይዞ ወጣ። ስክሪን ብርሃን ይረጫል፣ ወረቀት ቀለም ይጠጣል። ጨለማ ሥዕል ኅትመት ላይ የባሰ ይጨልማል። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ስክሪን ላይ ትንሽ የፈዘዘ እስኪመስላችሁ ድረስ ይብራ፣ አንድ ናሙና ሳታዩም አትፈርሙ። ጥቁር ቲሸርት ላይ ስታሳትሙ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ነጭ እንዲመታ ንገሯቸው። ነጩ ከሌለ ወይን ጠጁን ጨርቁ ይውጠዋል። ለዲጂታሉ በጎን 3000 ፒክስል የሆነ ካሬ ፋይል ያስፈልጋችኋል። ሠዓሊው በወረቀት ከሠራው በስካነር ይነሣ፣ በስልክ አይነሣ።

ገንዘብ የለንም እንደምትለኝ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ሥነ ጥበብ የተማሩ ልጆች አሉ፣ ታፔላ የሚጽፉ አሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩም አሉ። ቅድሚያ ስጧቸው፣ ቀሪውን ከቲሸርቱ ሽያጭ ድርሻ አድርጉላቸው። በነጻ አታሠሩ። አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፦ ሥዕሉን ለምን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ፣ ኦሪጅናሉ የማን ይሆናል፣ የሠዓሊው ስም የት ይጻፋል። ዘፈኑንም ከግጥሙ ጋር ስጡት፤ ሳይሰማ አይጀምር። «ሜታሊካ በ1991 ጥቁር ሽፋን አድርጎ የለም ወይ?» የሚል ካለ፣ አዎ አድርጓል። ያኔ ግን ስሙ ብቻውን ይሸጥ ነበር። የእናንተ ስም ገና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትጠብቁ። ሽፋን የተበላሸ ቀረጻ አያድንም። ሰውን በር ድረስ ያመጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጊታርህ ሥራ ነው።

የእርሳሱ ንድፍ እንዳለቀ፣ ቀለም ከመነካቱ በፊት፣ ለአባትህ አሳያቸው። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። እምቦጭ ሳይመጣ የነበረውን ጣና ያውቁት ይሆናል። ታንኳው በየት በኩል እንደሚታሰር፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ውሃው ያኔ ምን መልክ እንደነበረው ጠይቃቸው። የሚሉህን ጽፈህ ለሠዓሊው ስጠው።